የደጋው አየርና የአሮጌው ሞተር ትንፋሽ

ከወረታ እስከ ንፋስ መውጫ ባለው መንገድ ላይ ስለ መኪና ምርመራ ሙያ

ከጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከወረታ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚያቀና መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ከኋላው ትቶ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከዚያም የጉናን ተራራ በስተቀኙ እያየ በክምር ድንጋይ በኩል አልፎ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ከሆነችው ከንፋስ መውጫ ይደርሳል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ያህል ላይ ስትገኝ፣ ንፋስ መውጫ በ3,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። በጥቂት ሰዓት ጉዞ የ1,200 ሜትር የከፍታ ልዩነት ይታለፋል ማለት ነው። ይህ ልዩነት ለተሳፋሪው የጋቢና የካፖርት ጉዳይ ነው፤ ለሞተር ግን የትንፋሽ ጉዳይ ነው።

ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ የቤንዚን መኪናዎች ይህን ዳገት ሲወጡ የሚያሳዩት ጠባይ ለብዙ ዘመን በሾፌሮች ዘንድ የታወቀ ነው። መኪናው ዳገቱን ጨርሶ ሲቆም ሚኒሞው ይዛባል፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ከሞተሩ ወገን የቤንዚንና የተቃጠለ ጋዝ ሽታ ይሰማል። ለዚህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የተለመደው መልስ «አገሩ ነው፤ ደጋው ነው» የሚል ነበር። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ቀሪው ግማሽ ግን ብዙ ጊዜ የተበላሸ ጓርኒሲዮን፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ዳዶ ነው። ስሕተቱም ሞተር ከማቃጠል አልፎ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ሐተታ ሁለት ነገሮችን ለማሳየት ይሞክራል። አንደኛው፣ መንገዱና መኪናው ወደዚህ አገር እንዴት እንደ ደረሱ፣ የጥገናውም ሙያ ከነቋንቋው እንዴት እንደ ተገኘ ነው። ሁለተኛው፣ የደጋው አየር የሚያመጣውን መዛባት ከእውነተኛው ብልሽት ለይቶ ለማወቅ ሙያው ያካበተው ዘዴ ምን እንደሆነ ነው።

መንገዱ

በጋይንት ምድር ከባድ ብረት በመንኰራኵር የተጓዘው ከመኪና በፊት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎችን አሰባስበው መድፍ ያሠሩ እንደነበር ይታወቃል። ከእነዚህም ዋናው «ሴባስቶፖል» የተባለው፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ይህን ጭነት ለማሳለፍ ሠራዊታቸው ድንጋይ እየፈለጠና ገደል እየናደ መንገድ ይጠርግ ነበር። መንገዱ በጨጨሆ በኩል አልፎ ወደ ዋድላና ደላንታ የሚያደርስ ሲሆን፣ ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ወስዷል። ስለዚህ በዚህ አምባ ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ትልቅ የመንገድ ሥራ ዓላማው ጦርነት፣ መሣሪያው የሰው ክንድ፣ ችግሩም ያው ዛሬ የምናውቀው የዳገትና የክብደት ችግር ነበር።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዚህ አርባ ዓመት በኋላ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ የዎልስሊ መኪና ለዐፄ ምኒልክ አመጣ፤ በዚያው ዓመት ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ ናከ የተባለች ሁለተኛ መኪና ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ራሷ በ2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነች፣ የአውሮፓ ሞተር በሣሣ አየር ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በኢትዮጵያ ምድር የተፈተነው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው ለማለት ይቻላል።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሞተር ጉዞ በብዛት የታየው ግን በጦርነት ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ በስታራቼ የሚመራው የኢጣልያ የካሚዮን ጦር ጎንደርን ያዘ። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ወራሪው ለራሱ ጥቅም መንገድ ዘረጋ፣ ጋራዥ ከፈተ፤ ከነፃነት በኋላም የተተዉት ካሚዮኖችና መሣሪያዎች በአገሬው እጅ ቀሩ። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከጥቂት ወራት በፊት ከዓለም ባንክ ከተገኘው ብድር 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ሥራ የተመደበ ነበር። ይሁን እንጂ የአውራ ጎዳናው መረብ ከአዲስ አበባ ወደየአቅጣጫው የሚወጣ በመሆኑ፣ ጎንደርንና ወሎን በአግድም የሚያገናኘው የጋይንት መስመር ለብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ቀረ።

ይህን ክፍተት የዘጋው ከወረታ እስከ ወልድያ የተሠራው፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መንገድ ነው። ኢትዮጵያና የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ በ1963 ዓ.ም. ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ከመሠረቱ በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ፔኪንግን ጎበኙ፤ ከዚያም ያለ ወለድ የሚከፈል የቻይና ብድር ተገኘ። ሥራው በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1970ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ተጠናቀቀ፤ ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» ብሎ ጠራው። በኋላም አስፋልት ለብሷል። መንገዱ ንፋስ መውጫን፣ ጨጨሆን፣ ፍላቂትንና ጋሸናን ከሁለት ወገን ገበያ ጋር አገናኘ። ለመካኒኩም ከዝቅተኛ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ብርዳም አምባ የሚወጣ ተፈጥሯዊ የመፈተኛ ሥፍራ ፈጠረለት።

መኪናውና የሙያው ቋንቋ

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ከተሠራባቸው አነስተኛ መኪናዎች መካከል በብዛቱም ሆነ በዕድሜው ሊጠቀስ የሚገባው ቮልስዋገን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው ሲወጡ የተወሰዱት በዚህችው ትንሽ መኪና እንደነበር በታሪክ ተመዝግቧል። ቮልስዋገን በሜክሲኮ እስከ ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራ ቆይቶ ሲያበቃ ከፋብሪካ የወጣው ብዛት ከ21 ሚሊዮን በላይ ነበር። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም በጥሩ ይዞታ ሲሽከረከር ይታያል።

ለደጋው አገር ይህች መኪና የምትመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በውኃ የሚቀዘቅዙት መኪናዎች ዳገት ላይ እየፈሉ በሚቆሙበት ጊዜ ቮልስዋገን ከዚህ ችግር ነፃ ነበረች። ሞተሯን ከአካሏ ጋር የሚያያይዙት ዋና ቡሎኖች አራት ብቻ በመሆናቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አውርደው ሊፈቱት ይችላሉ። ነገር ግን አራቱ ሲሊንደሮች በሁለት ወገን ተከፋፍለው የተጋደሙ ስለሆኑ፣ ከካርቡራተሩ እስከ ሲሊንደሮቹ ያለው የአየርና የቤንዚን ቱቦ ረጅም ነው፤ የጭስ ማውጫውም መጋጠሚያ ብዙ ነው። ለአየር መሾለክ የምታጋልጠው ይህችው ባሕርይዋ ናት።

ጥገናውን የያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ሙያውን የተማሩት በጋራዥ ውስጥ ነው። አንድ ወጣት በረዳትነት ገብቶ ቡሎን እያጠበ፣ ካቻቪቴ እያቀበለ፣ ዓመታት ሲያልፉ ሞተር መክፈት ይጀምራል። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትና ሌሎችም የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች በመጽሐፍ የተማሩ ባለሙያዎችን ቢያወጡም፣ የጋራዡ ቋንቋ ቀድሞ ጸንቶ ነበር። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ሚኒሞ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ወራሪው በአምስት ዓመት ወጣ፤ ቃላቱ ግን ከመፍቻው ጋር አብረው ቀሩ። ቃላቱን የወረሰው ባለሙያ ዕውቀቱን ራሱ ጨመረበት። በሮምም ሆነ በቮልፍስቡርግ የተጻፈው መመሪያ በዝቅተኛ አገር ለሚሄድ መኪና የተዘጋጀ ስለነበር፣ የጋይንትን አየር የሚያውቅ መመሪያ ከመካኒኩ ጭንቅላት በቀር በሌላ ቦታ አልነበረም።

አየሩ የሚሠራው ሥራ

ነገሩን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ነው፤ የአየሩ እፍግታ ደግሞ 74 በመቶ ያህል ይሆናል። ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚስበው የአየር መጠን በይዘት አይለወጥም፤ በክብደት ግን አንድ አራተኛ ያህል ይጎድላል። በመሆኑም በባሕር ወለል 34 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው 1,200 ሲሲ የቮልስዋገን ሞተር በንፋስ መውጫ ከ25 የማይበልጥ ይሰጣል። ዳገቱ እየከበደ የሚሄደው ተዳፋቱ ስለጨመረ ብቻ ሳይሆን ጉልበቱም ስለቀነሰ ነው።

ጉልበት መቀነሱ ብቻ ሚኒሞን አያዛባም። ሚኒሞን የሚያዛባው የአየርና የቤንዚን ድርሻ አብሮ አለመቀነሱ ነው። ካርቡራተር ቤንዚንን የሚለካው በአየሩ ፍጥነትና እፍግታ በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ነው። አየሩ ሲሣሣ የሚገባው አየር በእፍግታው ልክ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ግን የሚቀንሰው በእፍግታው ካሬ ሥር ልክ ብቻ ነው። በግምት ሲሰላ፣ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር በወረታ 9 በመቶ፣ በንፋስ መውጫ ደግሞ 16 በመቶ ያህል የበዛ ቤንዚን ይሰጣል። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ይገባ የነበረው ወደ 12.6 ይወርዳል። ከማርሚታው የሚወጣው ጥቁር ጭስ፣ በካንዴላው ጫፍ የሚታየው ጥላሸት፣ የሚንገዳገደው ሚኒሞ ምንጩ ይህ ነው። «ደጋው ነው» የሚለው የሾፌሮች አባባል በዚህ በኩል ትክክል ነው።

ደጋው ሌላም ነገር ያመጣል። ቤንዚን በካርቡራተር ውስጥ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ በክረምት ጉም የጋይንትን አምባ በሚሸፍንበት ጊዜ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በቱቦው ውስጥ ወደ በረዶ ሊለወጥ ይችላል። የቮልስዋገን መሐንዲሶች ይህን በማሰብ ከዋናው የመሳቢያ ቱቦ ሥር ትኩስ ጭስ የሚያልፍበት ቀጭን የማሞቂያ ቱቦ አበጅተዋል። ይህ ቱቦ በዓመታት ጥላሸት ሲደፈን ማሞቁ ይቀራል፤ ያን ጊዜ መኪናው በማለዳ ብርድ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ቱቦውን ከዳር በጥንቃቄ ይነካዋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልሞቀ ተደፍኗል ማለት ነው።

ከሜዳው እስከ አምባው የሚደረግ ምርመራ

በዚህ መንገድ ላይ የሚመላለስ ባለሙያ መሣሪያ ባይኖረው እንኳ ዳገቱ ራሱ መሣሪያ ሊሆንለት ይችላል። ጥያቄው አንድ ነው፤ መኪናው የሚንገዳገደው የት ነው?

በንፋስ መውጫ ተንገዳግዶ፣ ጥቁር ጭስ አውጥቶ፣ ወደ ወረታ ሲወርድ ራሱ የሚስተካከል መኪና ብልሽት የለበትም ማለት ይቻላል። ቤንዚን በዝቶበታል፤ የአየር ፍልትሮው ከተደፈነም ይብስበታል። ፍልትሮውን ማጽዳትና ካርቡራተሩን ለደጋ ማስተካከል ይበቃዋል።

በወረታ ተንገዳግዶ በንፋስ መውጫ የሚረጋጋ መኪና ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ይህ መኪና ከካርቡራተሩ በኋላ ባለ አንድ መጋጠሚያ ያልተለካ አየር ይስባል። በሜዳው ላይ ይህ ትርፍ አየር ቤንዚኑን ያሣሣዋል፤ በአምባው ላይ ግን ደጋው የሚጨምረው ቤንዚን ጉድለቱን ይሸፍንለታል። ለዚህ ነው በንፋስ መውጫ ብቻ የተመረመረ መኪና ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ የሚችለው። ከዚህም የከፋው፣ በአምባው ላይ ጭስ ለመቀነስ ሲባል ቤንዚኑ በማስተካከያው ቡሎን ከተቀነሰ በኋላ መኪናው እንደዚያው ሆኖ ወደ ሜዳ ሲወርድ ነው። በሣሣ ቤንዚን የሚነድ ሞተር በጣም ይግላል። በተለይ የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው አየር መንገድ ላይ በተገጠመባቸው በቀድሞዎቹ የቮልስዋገን ሞተሮች ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ያነሰ አየር ስለሚያገኝ፣ የጭስ ማውጫ ቫልቩ ቀድሞ ይቃጠላል። ያን ጊዜ የጊዜያዊው መዛባት ቋሚ ብልሽት ይሆናል።

በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት የሚንገዳገድ መኪና አየሩን አይክሰስ። ምክንያቱ ከካንዴላ፣ ከፑንቲና፣ ከቫልቭ ወይም ከመጭመቂያው ኃይል ነው። ባለሙያው ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የየካንዴላውን ገመድ አንድ በአንድ ይነቅላል። ገመዱ ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞም አይሠራም ነበር። ከዚያም የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ የቫልቮቹም ክፍተት እንደ ሞተሩ ዓይነት 0.10 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር መሆኑን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ያረጋግጣል። የካንዴላዎቹ ቀለም እንደ ጽሑፍ ይነበባል። የተቆላ ቡና ወይም የአመድ መልክ ያለው ጤነኛ ነው፤ ጥቁር ደረቅ ጥላሸት የቤንዚን ብዛት ነው፤ የነጣው የቤንዚን ማነስና የሙቀት ብዛት ነው። የአንዱ ወገን ሁለት ካንዴላዎች ነጥተው የሌላው ወገን ጤነኛ ከሆኑ ሾላኪው አየር በነጡት ወገን ይፈለጋል።

እዚህ ላይ በመጽሐፍ የተማረው ባለሙያም ሊሳሳት የሚችልበት ነጥብ አለ። የመጭመቂያ ኃይል መለኪያ በባሕር ወለል 7 የሚያሳየው ጤነኛ ሞተር በንፋስ መውጫ 5 ያህል ብቻ ያሳያል። መመሪያውን ብቻ የተመለከተ ሰው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ሊያስከፍተው ይችላል። መመዘን ያለበት ቁጥሩ ሳይሆን የአራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረብ ነው።

የሚገባውን አየር ለማግኘት ቀድሞ በመጋጠሚያው ላይ ቤንዚን ጠብ ማድረግ የተለመደ ነበር። በጋለ ሞተር ላይ ይህ እሳት ስለሚያስነሣ ሊቀር ይገባዋል። በመርፌ ወይም በትንሽ ቧንቧ ውኃ ጠብ ቢደረግ ያው ሥራ ይሠራል፤ ውኃው ቀዳዳውን ለቅጽበት ሲዘጋው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል።

የሚወጣውን ጭስ ለማግኘት ደግሞ ጆሮ፣ ዓይንና እጅ በየተራ ይሠራሉ። በማለዳ ሞተሩ ሲነሣ «ጥክ፣ ጥክ» የሚል፣ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ከተሰማ መጋጠሚያው ሾልኳል፤ ድምፁ የሚጠፋው ብረቱ በሙቀት ሰፍቶ ቀዳዳውን ለጊዜው ስለሚገጥመው እንጂ ስለዳነ አይደለም። ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጅ በተለቀቀ ቁጥር ከማርሚታው የሚፈነዳ ድምፅም በቀዳዳው ንጹሕ አየር ገብቶ ያልተቃጠለውን ቤንዚን እንደሚያቀጣጥለው ያመለክታል። ባለሙያው የአንድ ክንድ ርዝመት ያለው የጎማ ቧንቧ ጫፍ በጆሮው አድርጎ ሌላውን ጫፍ በየመጋጠሚያው ያዞራል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝም የጥላሸት ምልክት ይፈልጋል፤ ጭስ በሾለከበት ሁሉ ጥቁር ፊርማውን ይተዋል። ረዳቱ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለጥቂት ሰኮንድ ቢይዝ ደግሞ ግፊቱ ጨምሮ የተሰወረው ቀዳዳ ያፏጫል።

ብዙ ጊዜ እንደ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች የሚታዩት የጭስ መሾለክና የሚኒሞ መዛባት በቮልስዋገን አንድ ሆነው ይገኛሉ። ሞተሩ በጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ በዙሪያው ያለው የጎማ ማሸጊያ ከተቀደደ፣ ከሥር የሾለከው ትኩስ ጭስ ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል፤ ካርቡራተሩም ያንኑ ጭስ መልሶ ይስባል። በተቃጠለ አየር የሚተነፍስ ሞተር ካርቡራተሩ ስንት ጊዜ ቢስተካከል አይረጋጋም። የመካኒኩ ድካም ከንቱ የሚሆነውም የሚያስተካክለው ቦታና የታመመው ቦታ ስለማይገናኙ ነው።

የማይታየው ጋዝ

እስከዚህ ድረስ የተነገረው የገንዘብና የድካም ጉዳይ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቮልስዋገን የተሳፋሪዎችን ክፍል የምታሞቀው በሞተሩ ሙቀት ነው። እስከ 1955 ዓ.ም. ገደማ በተሠሩት ሞዴሎች ሲሊንደሮቹን ያቀዘቀዘው አየር ራሱ ማሞቂያው ሲከፈት ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ንጹሕ አየር በጭስ ቱቦው ዙሪያ በተበጀ ሽፋን ውስጥ አልፎ እንዲሞቅ ተደረገ። በመጀመሪያው ዓይነት የቴስታታው የጭስ መጋጠሚያ ቢሾልክ፣ በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ በሽፋኑ ውስጥ ያለው ቱቦ በዝገት ቢበሳ፣ ጭሱ በቀጥታ ከተሳፋሪው አፍንጫ ይደርሳል።

በጭሱ ውስጥ ያለው ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ጋር የመዋሐድ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጥቂቱ ብዙውን ኦክሲጅን ያስወጣል። በ19ኛው ምዕት ዓመት ፈረንሳዊው ክሎድ በርናርና ብሪታንያዊው ጆን ስኮት ሆልዴን ይህን ጠባዩን በምርምር ገልጸውታል። ለኢትዮጵያ ሕዝብ ግን ጋዙ እንግዳ አይደለም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን አፍኖ የሚገድለው ያው ነው።

በሚኒሞ ላይ ካለ አሮጌ የካርቡራተር ሞተር የሚወጣው ጭስ ከመቶ ከ3 እስከ 6 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚን ሲበዛ ደግሞ ይጨምራል። በሚተነፈሰው አየር ውስጥ ከሺህ ሁለት እጅ ቢደርስ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል። እንግዲህ በንፋስ መውጫ ላይ አራት ነገሮች በአንድ ላይ ይገናኛሉ። ደጋው ቤንዚኑን ስለሚያበዛ ጋዙ ይበዛል። ብርዱ መስኮት ያስዘጋል፣ ማሞቂያ ያስከፍታል። የአየሩ መሣሣት የሰውን ደም ቀድሞውኑ በኦክሲጅን አሳንሶታል። ራስ ምታቱ፣ ድካሙና ማቅለሽለሹ ደግሞ «የዳገቱ ነው፤ የብርዱ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሞተሩን «ደጋው ነው» ያለው አስተሳሰብ ሰውንም በዚያው ቃል ይሸኘዋል።

ስለዚህ በብርድ አገር የሚሠራ ባለሙያ የሚኒሞ መዛባት ይዞ የመጣን መኪና ማስተካከያውን ከመንካቱ በፊት ጭሱን መመርመር ይኖርበታል። ቤንዚን መቀነስ ጥቁሩን ጭስ ያጠፋል፤ ቀዳዳውን ግን አይደፍንም። ጥቁሩ ጭስ ሲጠፋ ባለ መኪናው የሚያየው ማስጠንቀቂያ ይጠፋል፤ የማይታየው ጋዝ ግን መሾለኩን አያቆምም። በቀዳዳው ላይ ቆርቆሮ ጠቅልሎ በሽቦ ማሰር ከዳገት ላይ እስከ ጋራዥ ለመድረስ የሚረዳ ብልሃት ነው፤ እንደ ጥገና ሊቆጠር ግን አይገባውም። ቱቦው በሚገባ እስኪበየድ ወይም እስኪለወጥ ድረስ ማሞቂያው ተዘግቶ መስኮቱ ጥቂት ተከፍቶ መጓዝ ይሻላል፤ ከጋዝ ብርድ ይመረጣልና። ቀድሞ ለጭስ መጋጠሚያ የሚያገለግለው አዝቤስቶስም ብናኙ ሳንባን ለካንሰር የሚያጋልጥ መሆኑ ዛሬ ስለታወቀ፣ አሮጌው ጓርኒሲዮን በውኃ ረጥቦ ሊነሣ እንጂ በብሩሽና በአየር ሊራገፍ አይገባም።

መደምደሚያ

ካርቡራተር ያለው መኪና ዘመኑ እያለፈ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ወስናለች። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባ ቤንዚን ከኤታኖል ጋር፣ በመጀመሪያ 5 በኋላም 10 በመቶ እየተቀላቀለ ተሸጧል። ኤታኖል ድብልቁን ስለሚያሣሣና የቆዩ ጎማዎችን ስለሚጎዳ ለአሮጌ ሞተሮች አዲስ የመሾለክ ምክንያት ሆኗል። ያም ሆኖ የቀሩት መኪናዎች ሰው ይጭናሉ፤ ሰው እስከ ጫኑ ድረስ የሚመረምራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ሙያው ግን ከመኪናው ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። የሚኒሞን ድምፅ በጆሮ የሚያነብ፣ የወረታንና የንፋስ መውጫን ልዩነት በካንዴላ ቀለም የሚለይ መካኒክ ዕውቀቱን በወረቀት አላሰፈረም፤ በረዳቱ እጅ ብቻ አሳልፎታል፤ ረዳቱም ዛሬ ኮምፒውተር በሚነበብባቸው መኪናዎች ላይ ይሠራል። በምሕንድስና ማኅበራትና በቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ላይ የሚወድቀው ኃላፊነት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ በጋራዥ የሚነገሩትን ቃላት ከነትርጉማቸው መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው፣ የመጭመቂያ ኃይልን፣ የካርቡራተር ልክንና የጭስ ምርመራን በ1,800፣ በ2,400 እና በ3,000 ሜትር ከፍታ የሚያሳይ አጭር ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ዋናው ነገር መካኒኩ «ደጋው ነው» ከማለቱ በፊት አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ የጭስ መጋጠሚያውን እንዲያይ ማድረግ ነው።

ቴዎድሮስ በጋይንት አምባ ላይ ሰባት ቶን ብረት ሲያሳልፉ ዳገቱ ለማንም አላደላም፤ ዛሬም አያደላም። መንገዱ አስፋልት ቢለብስም፣ መኪናው ቢለወጥም፣ የ3,000 ሜትር አየር ያው ነው። የተለወጠው የአየሩ ጠባይ በቁጥር መታወቁ ነው፤ የታወቀውም ዕውቀት ከመጽሐፍ ወጥቶ በጋይንት መንገድ ላይ ካለው መካኒክ እጅ ሊደርስ ይገባል።